ስለ ቻርጀር አመራረጥ

ቻርጀር ሊገዛ ወደ ሱቅ የሚገባ ሰው ዋጋውን ከጠየቀ በኋላ ቀጥሎ የሚጠይቀው የዋቱን ብዛት ነው፤ ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ በካርቶኑ ፊት ላይ በጉልሕ የታተመውን አኃዝ በጣቱ እየጠቆመ ያሳየዋል፤ ነገር ግን በስልክና በላፕቶፕ ጥገና ብዙ ዘመን የተቀመጠ ሰው ከሥራው እንደሚረዳው፣ አንድ ዓይነት አኃዝ ከተሸከሙ ሁለት ቻርጀሮች አንደኛው ላፕቶፑን በፍጥነት ሲሞላ፣ የሁለተኛውን መሰካት ግን ላፕቶፑ ጨርሶ ላያውቅ ይችላል። የዚህ ልዩነት ምክንያት የተጻፈው በዕቃው ጀርባ፣ በደቃቅ ፊደል፣ ብዙ ሰው በማያነበው መስመር ላይ ነው።

65 ዋት የተባለውን አንዱን አንሥቶ ጀርባውን ወደ ብርሃን ዘንበል አድርጎ ለሚመለከት ሰው፣ 5 ቮልት በ3 አምፔር፣ 9 ቮልት በ3፣ 15 ቮልት በ3፣ 20 ቮልት በ3.25 የሚል ዝርዝር ይታየዋል፤ 20ን በ3.25 ያባዛ እንደ ሆነ ያንኑ 65 ያገኛል። ይህ ዝርዝር ለጌጥ የታተመ አይደለም። የዛሬው ቻርጀር ኃይሉን በአንድ ጊዜ የሚያፈስ ሳይሆን፣ ገመዱ በተሰካ ጊዜ በ5 ቮልት ብቻ ጀምሮ፣ በገመዱ ውስጥ ባለችው ቀጭን ሽቦ በኩል መስጠት የሚችለውን መጠን ለስልኩ ወይም ለላፕቶፑ ያስታውቃል፤ ተቀባዩም ከተነገረው ውስጥ ለባሕርዩ የሚስማማውን ይጠይቃል፤ ቮልቴጁ ከፍ የሚለው ቻርጀሩ ጥያቄውን ከተቀበለ በኋላ ነው። ይህ ቃለ ምልልስ ዩኤስቢ ፓወር ዴሊቨሪ የሚባለው ሥርዓት ሲሆን፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2021 የወጣው እትሙ እስከ 240 ዋት ድረስ ይፈቅዳል።

አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ "ጋሼ፣ የላፕቶፔን ቻርጀር ስልኬ ላይ ብሰካው ባትሪውን አያቃጥለውም?" ብላ ጠይቃኝ ነበር። "አያቃጥለውም ልጄ፤ ከጋን የሚያስቀዳ ሰው የሚጠጣው በዋንጫው ልክ ነው" አልኋት። በእርግጥም 25 ዋት የሚጠይቅ ስልክ ከ65 ዋቱ ላይ 25ቱን ብቻ ይወስዳል፤ ያውም ባትሪው ባዶ በሆነበት ሰዓት ነው እንጂ፣ እየሞላ በሄደ ቁጥር ስልኩ ራሱ የሚቀበለውን እያሳነሰ ስለሚመጣ፣ የመጨረሻዋ ጥቂት እጅ ምንጊዜም ቢሆን ታዘግማለች። ሊፈራ የሚገባው የቻርጀሩ ትልቅነት ሳይሆን የአሠራሩ ክፋት ነው።

የዛሬው ቻርጀር ትንሽነት ሰውን ያስገርማል፤ የቀድሞው የላፕቶፕ ቻርጀር ጡብ የሚያህል ሲሆን ይኸኛው በመዳፍ ውስጥ ይገባል። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ከግድግዳው የሚመጣው 220 ቮልት ተለዋዋጭ ኮረንቲ በቻርጀሩ ውስጥ ወደ 310 ቮልት ገደማ ቀጥተኛ ኮረንቲ ከተለወጠ በኋላ፣ ትራንዚስተሩ በሰከንድ ብዙ አሥር ሺሕ ጊዜ እያበራና እያጠፋ ይቆራርጠዋል፤ መቆራረጡ በፈጠነ መጠንም ትራንስፎርመሩ ሊያንስ ይችላል። የተለመደው ትራንዚስተር የሚሠራበት ሲሊኮን እጅግ ሲፋጠን ብዙ ኃይል በሙቀት ያባክናል፤ ጋሊየም ናይትራይድ የተባለው ውሁድ ግን ከእርሱ ባነሰ ብክነት ይፈጥናል። ዳሩ ግን ስሙ ተፈላጊ ስለ ሆነ፣ በውስጡ ቅንጣት ጋሊየም የሌለበት ቻርጀር እንኳ ዛሬ በዚሁ ስም ይሸጣል።

ፎርጅዱ ከኦሪጅናሉ የሚለየው ሲከፈት ነው። ሁለቱን ፈትቼ በጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ባስቀመጥኋቸው ጊዜ፣ በደኅነኛው ላይ የግድግዳውን ኮረንቲ የሚሸከመው ወገንና ወደ ስልኩ የሚወጣው ወገን በ5 ወይም በ6 ሚሊሜትር ያህል ባዶ ቦታ ተለያይተው፣ በመካከላቸው ሰሌዳው ተሰንጥቆ፣ ትራንስፎርመሩም በቢጫ ፕላስቲክ ደጋግሞ ተጠቅልሎ ይታያል፤ በፎርጅዱ ላይ ግን ሁለቱ መስመሮች ሊነካኩ ጥቂት ቀርቷቸው፣ በመካከላቸው ያለችው የብየዳ ጠብታ ብትፈስ 310ው ቮልት በቀጥታ ወደ ሰው እጅ ይወርዳል። ክብደቱም ቢሆን የታመነ ምስክር አይደለም፤ እንዲከብድ ብለው ቁራጭ ብረት የሚጨምሩበት አሉና። በአንጻሩ፣ ባለ ሁለት እግር ቻርጀር የተሰካበት የብረት ገላ ያለው ላፕቶፕ በእጅ ሲዳሰስ ቀጭን ንዝረት ቢሰማ፣ ያ ብቻውን የፎርጅድ ምልክት አይደለም፤ ሁለቱን ወገኖች የምታገናኝ ትንሽ ካፓሲተር በደኅነኛውም ውስጥ አለችና፣ የምታሳልፈው ኮረንቲ ሰውን የሚጎዳ አይሆንም።

በአዲስ አበባ የቻርጀር ፍጥነት ቅንጦት አይደለም፤ መብራት ሄዶ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ብቅ በሚልበት ቀን፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ስልክን ከግማሽ በላይ የሚሞላ ዕቃ ትልቅ ዋጋ አለው። ይሁን እንጂ መብራት በተመለሰባት ቅጽበት ቮልቴጁ ስለሚዋዥቅ፣ ቻርጀሩን ነቅሎ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ ይገባል። ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ቻርጀርም፣ በጀርባው ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከተጻፈበት በእኛ 220 ይሠራል፤ ችግሩ ጠፍጣፋ እግሮቹ ናቸው። በርካሽ መለወጫ ላይ ተሰክቶ በላላ ሶኬት ላይ ሲንጠለጠል፣ ክብደቱ ወደ ታች እየጎተተው ብልጭ ብልጭ ይላል፤ ቀልጦ ወደ እኔ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ቻርጀሩ ሳይሆን መለወጫው ነው።

ገመዱን ብዙዎች ከቁም ነገር አይቆጥሩትም። ተራው የዩኤስቢ ሲ ገመድ ከ3 አምፔር በላይ አያሳልፍም፤ ይህም በ20 ቮልት 60 ዋት ማለት ነው። ከዚያ በላይ ለመሄድ በጫፉ ውስጥ ማንነቱን የምትናገር ትንሽ ቺፕ ያለችበት ባለ 5 አምፔር ገመድ ያስፈልጋል። ሳምሰንግ 45 ዋት ብሎ የሚሸጣቸው ስልኮች ብዙዎቹ ያንን ፍጥነት የሚያገኙት በእንዲህ ያለው ገመድ ሲሆን፣ ከቻርጀሩም ቮልቴጁን በጥቃቅን እርምጃ ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን ፒፒኤስ የተባለ ሥርዓት ይሻሉ። ኦፖን የመሰሉት ደግሞ የራሳቸው ሥርዓት ስላላቸው፣ በሌላ ቻርጀር ይሞላሉ እንጂ ያን ያህል አይፈጥኑም።

ባለ ሁለት ቀዳዳው ለመንገደኛ ይመቻል፤ ነገር ግን ስልኩ በተጨመረ ጊዜ 65ቱ ወደ 45ና 20 ሊከፈል እንደሚችል ገዢው አስቀድሞ ይወቅ። የላፕቶፑንም ቀዳዳ ይመልከት፤ አሮጌዎቹ ክብ መሰኪያ ያላቸው ናቸው፣ ዩኤስቢ ሲ ካላቸውም ሁሉም ቀዳዳ ኃይል አይቀበልም።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው፤ አንድ ስልክና አንድ መካከለኛ ላፕቶፕ ላለው ሰው 65 ዋት ይበቃዋል፤ ቪዲዮ የሚያቀናብርበት ከባድ ላፕቶፕ ያለው 100 ወይም 140 ይግዛ፤ ለማያስፈልግ ዋት የሚወጣው ገንዘብ ለደኅና ገመድ ይዋል። ሊገዙም ሲሄዱ ላፕቶፕዎን ይዘው ይሂዱ፤ ሻጩ ሰክቶ ለማሳየት ካልፈቀደ ወደሚቀጥለው ሱቅ ይለፉ።