ስለ መቆጣጠሪያ ትራንስፎርመር ፊውዝና የመሬት መስመር

በደብረ ማርቆስና በአካባቢው ለወፍጮ ቤት የሞተር ማስነሻ ሣጥን ሲሠራ፤ በውስጡ ስለሚገባው ትንሽ ትራንስፎርመር ሁለት አሳቦች ይሰማሉ። አንደኛው፤ የመስመሩ ፊውዝ ካለ ሌላ አያስፈልግም የሚል ነው። ሁለተኛው፤ 24 ቮልት ሰው ስለማይገድል ከመሬት መስመር ጋር ማያያዙ ከንቱ ድካም ነው የሚል ነው። ሁለቱም የማያዋጡ ስለ መሆናቸው ማስረጃው እንደሚከተለው ነው።

220 ቮልትን ወደ 24 ቮልት የሚያወርድ ባለ 100 ቮልት-አምፔር ትራንስፎርመር እንውሰድ። በሙሉ ጭነቱ በመግቢያው 0.45፤ በመውጫው 4.2 አምፔር ያህል ይፈሳል። የመውጫው ሽቦዎች ተነካክተው የዚህ 10 እጥፍ፤ ማለት 42 አምፔር ቢፈስ፤ በመግቢያው የሚያልፈው 4.5 አምፔር ብቻ ነው። ባለ 16 አምፔሩ የመስመር ፊውዝ ይህን እንደ ተራ ጭነት ያየዋል፤ ትራንስፎርመሩ ግን ይቃጠላል። ዱቄት በሚቦንበት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ በመውጫው 4 አምፔር፤ በመግቢያውም የመነሻውን ግፊት የሚታገሥ ዘግይቶ የሚቀልጥ ከ1 እስከ 2 አምፔር ፊውዝ ይገባል።

የሁለተኛው አሳብ ጉዳት ይብሳል። በደረቅ እጅ ቢነካ 24 ቮልት አይገድልም፤ ዳሩ ግን የሚያዝዘው ሞተር ይገድላል። መውጫው ከሣጥኑ ብረት ጋር ካልተያያዘ፤ አንድ ሽቦ ተልጦ ብረት ቢነካ ምንም ምልክት አይታይም። ከማቆሚያው ቁልፍ ወዲህና ወዲያ ያሉት ሽቦዎች ሁለቱም ብረቱን የነኩ ዕለት ግን ኃይሉ ቁልፉን ትቶ በብረቱ በኩል ይሻገራል። ያን ጊዜ ባለ ወፍጮው ቁልፉን ቢጫን ሞተሩ አይቆምም፤ በቀበቶው የተያዘ እጅም አይለቀቅም።

መድኃኒቱ አጭር ነው። ከኮንታክተሩ ጥቅል ጋር በቀጥታ የሚገናኘው ጫፍ ከብረቱ ጋር ይታሰር፤ በእርሱም ላይ ፊውዝ አይግባ። ፊውዙና ቁልፎቹ በሌላው ጫፍ ይሁኑ። እንዲህ ሲሆን የመጀመሪያው ንክኪ ፊውዙን ያቀልጣል። ቁልፎቹ በታሰረው ጫፍ በኩል ቢገቡ ግን አንድ ንክኪ ብቻውን ሞተሩን ያስነሣል።

ሳይታሰር ቢቀር በአንድ ጉድለት ሥራ አይቋረጥም የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ዓለም አቀፉ የማሽኖች ኤሌክትሪክ ደንብ አይ.ኢ.ሲ. 60204-1ም ይህን መንገድ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን የሽፋንን ጉድለት የሚከታተል መሣሪያ አብሮ እንዲኖር ይጠይቃል። ያለ መሣሪያው ጉድለቱ ተሰውሮ ሁለተኛውን ይጠብቃል።

የተቀበረ ዘንግ ብቻውንም አይበቃም። በበጋ አፈሩ ደርቆ ተቃውሞው 20 ኦም ቢደርስ፤ 220 ቮልት የሚያሳልፈው 11 አምፔር ብቻ ስለሆነ ባለ 16 አምፔሩ ፊውዝ አይቀልጥም። ስለዚህ የሣጥኑ ብረት ከመስመሩ መከላከያ ሽቦ ጋርም ይገናኝ።

በቤተ ሙከራችን በሚሣሉት የሥራ ንድፎች ላይ የታሰረው ጫፍና የፊውዙ ልክ ተለይተው እንዲጻፉ አሳቤን አቀርባለሁ። ሣጥኑን የሚሠራው ሰው የሚከተለው ንድፉን ነውና።