«እንፋሎት ማስተንፈስ»፦ ለቦይለር የሚሠራው ለንዴት ይሠራል?

የእንግሊዝኛ ፊልም የምታዩ ከሆነ «ሌት ኦፍ ስቲም» የሚለውን አባባል ሳትሰሙት አትቀሩም። አሜሪካኖቹ «ብሎው ኦፍ ስቲም» ማለት ይወዳሉ። ቃል በቃል ሲፈታ «እንፋሎት ማስወጣት» ነው። አንዱ በንዴት ሲጦፍ ጓደኛው «ወጣ በልና እንፋሎትህን አስተንፍስ» ይለዋል። ሰውዬው ይጮኻል፣ ግድግዳ በቡጢ ይመታል፣ ከዚያ «አሁን ቀለለኝ» ይላል። ፊልሙም ይቀጥላል።

በአማርኛ ክፍለ ጊዜ እማሬያዊና ፍካሬያዊ ፍች ሲባል ታስታውሳላችሁ? እማሬያዊው ቃሉ በቀጥታ የሚያመለክተው ነው፤ ፍካሬያዊው ከዚያ ተነስተን የምናሰፋው። እኔ የምማረው ምህንድስና ስለሆነ ይህን አባባል እንደ አንድ ሞዴል አይቼ ልተቸው እፈልጋለሁ። ለምን መሰላችሁ? አባባሉ ጌጥ ብቻ ሳይሆን ምክርም ነው። ስንናደድ ምን ማድረግ እንዳለብን ይነግረናል። ምክር ከሆነ ደግሞ መፈተሽ አለበት።

መጀመሪያ እማሬያዊው

ውኃ በተራ የአየር ግፊት ወደ እንፋሎት ሲቀየር ከ1,600 ጊዜ በላይ ይሰፋል። በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ግን የሚሰፋበት ቦታ የለውም፤ ስለዚህ የዕቃውን ግድግዳ ይገፋል። ፈረንሳዊው ዴኒ ፓፓን በ1679 እ.ኤ.አ. አጥንት ሳይቀር የሚያለሰልስ ዝግ ድስት ሠርቶ አሳየ። ድስቱ እንዳይፈነዳም ክብደት የተጫነበት ቫልቭ አበጀለት። ግፊቱ ከክብደቱ ሲበልጥ ቫልቩ ከፈት ይላል፣ እንፋሎቱ ይወጣል፣ ግፊቱም ይቀንሳል። ዛሬ ሥጋና ባቄላ ቶሎ የሚያበስለው ፕሬሸር ኩከር የዚያ ድስት የልጅ ልጅ ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ባቡርም መርከብም ፋብሪካም በእንፋሎት ሲንቀሳቀሱ ይህ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ሆነ። በ1865 እ.ኤ.አ. ሚሲሲፒ ወንዝ ላይ ሱልታና የተባለችው መርከብ ቦይለሮቿ ፈንድተው ከ1,100 በላይ ሰው አልቋል። በዚህ ዓይነት ዘመን «እንፋሎት ማስወጣት» ወደ ሰው ልጅ ጠባይ ቢሸጋገር አይገርምም።

እንደ ፊዚክስ ከሆነ አባባሉ ምንም አይወጣለትም። አንድ ኪሎ ግራም እንፋሎት ሲወጣ ወደ 2,260 ኪሎጁል የሚጠጋ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ግፊቱም ይቀንሳል፣ የቀረው ውኃም ይቀዘቅዛል።

ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ከሥር እሳቱ እስካለ ድረስ ቫልቩ ሲዘጋ ግፊቱ ተመልሶ ይመጣል። ቫልቭ ጊዜ ይሰጣል እንጂ እሳት አያጠፋም። ሁለተኛ፣ ግፊቱን በአንድ ጊዜ መልቀቅ ራሱ አደጋ ነው። በዝግ ድስት ውስጥ 120 ዲግሪ ሴልሺየስ የደረሰ ውኃ ክዳኑ ድንገት ቢከፈት ወደ 4 በመቶ የሚሆነው በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል፤ የቀረውንም እየገፋ ጣራ ድረስ ይረጨዋል።

ፍካሬያዊውስ?

ወደ ሰው ስንመጣ አባባሉ ሦስት ነገሮችን ሳይናገር አስቀድሞ ተቀብሏል። ሰው ዝግ ዕቃ ነው፤ ንዴት ውስጡ የሚጠራቀም ነገር ነው፤ ጩኸትና ቡጢ ያንን ነገር ይዘውት ይወጣሉ። የቋንቋ ሊቁ ጆርጅ ሌኮፍና ዞልታን ኮቬቼሽ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ንዴትን በዕቃ ውስጥ እንደሚፈላ ፈሳሽ አድርገው እንደሚያስቡት በሰፊው አሳይተዋል። ሥነ ልቦናም ቢሆን ከዚህ አላመለጠም፤ ብሮየርና ፍሮይድ በ1895 እ.ኤ.አ. ባወጡት መጽሐፍ የታፈነ ስሜት መውጫ ካላገኘ ሰውን እንደሚያሳምም ጽፈዋል። «ትራስ ምታ፣ ይውጣልህ» የሚለው ምክር ከዚህ ሐሳብ ብዙም አይርቅም።

ደካማው ሦስተኛው ግምት ነው። እንፋሎት ሲወጣ ሙቀት ይዞ እንደሚሄድ በቴርሞሜትር ይለካል። ጩኸት ሲወጣስ ምን ይዞ ይሄዳል?

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ብራድ ቡሽማን ይህን ፈትኖታል። በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት 600 ተማሪዎች የጻፉት ድርሰት በሌላ ሰው ክፉኛ እንደተነቀፈ ተነግሯቸው እንዲናደዱ ተደረገ። አንዱ ቡድን ያናደደውን ሰው እያሰበ የቦክስ ከረጢት መታ። ሌላው ስለ ሰውነት ብቃቱ እያሰበ መታ። ሦስተኛው ምንም ሳያደርግ ዝም ብሎ ተቀመጠ። «እንፋሎቱን ያስተነፈሰው» የመጀመሪያው ቡድን ከሁሉም በላይ የተናደደ ሆኖ ተገኘ፤ ለመበቀል ዕድል ሲሰጠውም ይበልጥ ጨካኝ ነበር። ዝም ብሎ መቀመጥ ከመምታት ተሻለ ማለት ነው።

አንድ ጥናት ብቻውን አያሳምንም ትሉ ይሆናል፤ ልክ ናችሁ። በ2024 እ.ኤ.አ. ሶፊ ኬርቪክና ቡሽማን 154 ጥናቶችን፣ ከ10,000 በላይ ተሳታፊዎችን አንድ ላይ መረመሩ። የሰውነትን መነቃቃት የሚቀንሱ ነገሮች፣ ማለትም ቀስ ብሎ በጥልቀት መተንፈስ፣ ጡንቻን ማፍታታት፣ ሜዲቴሽንና ዮጋ፣ ንዴትን ቀነሱ። መነቃቃትን የሚጨምሩት ግን በአጠቃላይ አልረዱም፤ ሶምሶማ ሩጫ እንዲያውም ንዴትን ወደ መጨመር ያዘነበለ ነበር። ሩጫ ለልብ ጤና ጥሩ ነው፤ ለንዴት መድኃኒትነቱ ግን አልታየም። ምክንያቱም ሩቅ አይደለም። የተናደደ ሰው ልቡ ቀድሞውኑ በፍጥነት እየመታ ነው። መጮህና መደብደብ ያንኑ ይጨምሩበታል። ቫልቭ የከፈትን ሲመስለን እንጨት እየማገድን ነው።

የእኛስ አማርኛ?

አማርኛ ሁለቱንም መንገድ ይዟል። «ደሜ ፈላ»፣ «ጨስኩ»፣ «በገንኩ» እንላለን፤ ትኩረቱ እሳቱ ላይ ነው። መፍትሔውም «ቀዝቀዝ በል»፣ «ረጋ በል»፣ «በረደልኝ» ነው። እነዚህ ከጥናቶቹ ጋር ይስማማሉ። በሌላ በኩል «ይውጣልህ» የሚለው የእንግሊዝኛው ወንድም ነው።

ግን አንድ ቃላችን እንግሊዝኛው የደበቀውን ይናገራል፦ «ንዴቱን ተወጣባት»። ያቺ «ባ» የምትባል ፊደል ተቀባዩን ታሳያለች። «እንፋሎት ማስተንፈስ» ስንል እንፋሎቱ አየር ላይ የሚበተን ይመስለናል። በቤት ውስጥ ግን ታናሽ እህት ላይ፣ ሠራተኛ ላይ፣ ሚስት ላይ ነው የሚያርፈው። መሐንዲስ የቦይለር ቫልቭ ሲገጥም መውጫውን ሰው ከሚቆምበት ያርቃል፤ እንፋሎት ከፈላ ውኃ የባሰ ያቃጥላላ! አባባሉን ከእነ ፊዚክሱ ከወሰድነው «ማን አጠገብ ነው የምከፍተው?» የሚለው ጥያቄ አብሮ መምጣት ነበረበት።

አባባሉ ይጣል ወይ?

አይጣል። ሁለተኛ ፍካሬያዊ ፍች አለውና። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የዋሉ ልጆች ደወል ሲደወል ሜዳ ላይ ሲበተኑም እንግሊዞች «እንፋሎታቸውን እያስወጡ ነው» ይላሉ። እዚህ ንዴት የለም፣ የሚጎዳም የለም፤ ልጆቹም እውነትም ይደክማቸዋል። ለዚህ አባባሉ ቆንጆ ነው። ለንዴት ግን መጥፎ ሞዴል ነው።

«ታዲያ ዝም ብለን እንዋጠው?» ካላችሁ፣ እሱም አይደለም። ቫልቩን በብየዳ መዝጋት መፍትሔ አይሆንም። ጀበና ሲገነፍል ቡና የምታፈላ ሴት ምን ታደርጋለች? አፉን አትደፍነውም፤ እሳቱን ትቀንሳለች ወይም ጀበናውን ከፍሙ ታነሳለች። ሲሰክን ትቀዳዋለች። ለንዴትም እንዲሁ ነው። መጀመሪያ ትንፋሻችሁ ይርጋ፤ ከዚያ ያናደዳችሁን ነገር ለሚመለከተው ሰው ተናገሩ። በደሉ እውነተኛ ከሆነ ተረጋግቶ የተነገረ ቃል የበለጠ ይሰማል። ለጓደኛ መንገርም ጥሩ ነው፤ ነገሩን ደጋግሞ ለማራገብ ሳይሆን በሌላ ዓይን ለማየት ከሆነ።

ከእንግዲህ አንድ ሰው «እንፋሎትህን አስተንፍስ» ቢላችሁ እንደ መሐንዲስ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ እሳቱ የት ነው? ቫልቩ ፊት የቆመው ማን ነው?