«ኮምፎርተር»፦ አጽናኝ ወይስ የአንገት ልብስ?

የቻርልስ ዲክንስ «ኤ ክሪስማስ ካሮል» በ1843 እ.ኤ.አ. ለንደን የታተመ አጭር ልቦለድ ነው። የመንዝ ወጣት በመጽሐፉ ውስጥ «ፍሮስት» እና «ፎግ» አይከብዱትም፤ ውርጩንና ጉሙን አብሮ አድጎባቸዋል። የሚያሳስተው «ኮምፎርተር» ነው። የኪንግ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ በዮሐንስ 14 መንፈስ ቅዱስን «አጽናኝ» ሲል በዚህ ቃል ይጠራዋል። በዲክንስ ግን የአንገት ልብስ ነው፤ አሠሪው ስክሩጅ ከሰል የሚሰስትበት፣ ካፖርት የሌለው ጸሐፊው ቦብ ክራቺት እሱን ለብሶ በሻማ ሊሞቅ ይሞክራል።

የመጽሐፉ ድካም የስክሩጅ ለውጥ ነው፤ በአንድ ሌሊት መናፍስት ባሳዩት ነገር ይለወጣል። ዘኬዎስ ግን የተለወጠው ጌታ ራሱ ቤቱ ገብቶ ነው። ሆኖም ሁለቱም እጃቸውን ወደ ድኻ ዘረጉ። እንግዲህ ወጣቶች፣ በዚህ ብርድ ያለ ባና የሚያድር ጎረቤት እንዳለ እያወቅን ዝም ካልን፣ «ኮምፎርተር»ን በሁለቱም ትርጉሙ ገና አልተማርነውም።