ደም የሌለው ጠላት፤ ስለ «ሳሙራይ ጃክ» ተከታታይ የካርቱን ፊልም አተራረክ

የካርቱን ፊልም ሲባል በብዙዎቻችን አሳብ የሚመጣው ሕፃናት ሲያለቅሱ ማባበያ፥ ትልልቆቹም ሥራ ሲፈቱ መሣቂያ የሚሆን ቀላል ነገር ነው። እኔም በልጅነቴ፥ ዲሽ ከነበረው ከጎረቤታችን ቤት ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ «ሳሙራይ ጃክ» የሚባለውን ተከታታይ ፊልም ስመለከት ከዚህ የተለየ አሳብ አልነበረኝም። ጐራዴው ሲያብረቀርቅና የብረት ጭራቆች ሲቈራረጡ ደስ ይለኝ ነበር እንጂ ነገሩ እንዴትና ለምን እንደ ተሠራ አልጠይቅም ነበር። አሁን ልጄ ሰባት ዓመት ስለ ሆነው ያንኑ ፊልም ከእርሱ ጋራ እንደገና ለማየት ዕድል አገኘሁ። አንድ ቀን ማታ፥ የብረት ሰው ለሁለት ሲሰነጠቅ አይቶ፥ «አባዬ፥ ይኼ የፈሰሰው ደም ነው ወይስ ዘይት?» ብሎ ጠየቀኝ። «ዘይት ነው» አልሁት። «እንግዲያው አላመመውም» አለና ራቱን መብላት ቀጠለ። እኔን ግን ራቴ አልበላ አለኝ።

እኔ የሥዕልም ሆነ የፊልም ትምህርት የለኝም፤ ያለኝ የተመልካችነት ዐይን ብቻ ነው። ቢሆንም የልጁ ጥያቄ የፊልሙ ዋና ጥያቄ ሆኖ ስላገኘሁት፥ ስለ አተራረኩ የተሰማኝን ለመጻፍ ደፈርሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ፊልሙን የፈጠሩት ሚስተር ጌንዲ ታርታኮቭስኪ በ1970 በሞስኮ ከተማ ተወልደው፥ በልጅነታቸው ከቤተ ሰባቸው ጋራ ወደ አሜሪካ የተሰደዱ ሰው ናቸው። «ሳሙራይ ጃክ» ካርቱን ኔትዎርክ በሚባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ኦገስት 10 ቀን 2001 መታየት ጀምሮ፥ በአራት ምዕራፎች 52 ክፍሎች ከታዩ በኋላ በ2004 መጨረሻ ሳይኖረው ተቋረጠ። ዐሥር ክፍሎች ያሉት አምስተኛው ምዕራፍ የመጣው በ2017 ነው። በመካከሉ ዐሥራ ሦስት ዓመት አለፈ ማለት ነው፤ በፊልሙ በፊት ልጅ የነበረ ሁሉ በኋላ ዐዋቂ ሆኖ ጠበቀው።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። በጥንት ዘመን በጃፓን አገር አኩ የሚባል፥ መልኩን እንደ ፈለገ የሚለዋውጥ ጋኔን (ስሙም በጃፓንኛ «ክፉ» ማለት ነው) አገሩን አጠፋ። የንጉሡ ልጅ ገና ሕፃን ሳለ ከአገሩ ወጥቶ፥ በዓለም ዙሪያ ከልዩ ልዩ ሕዝቦች ዘንድ የጦር ጥበብ ሲማር ቈየ፤ ከአፍሪካውያን የበትር ውጊያን፥ ከግሪኮች ትግልን፥ ከቻይና መነኮሳትም ሌላውን ጥበብ ቀሰመ። ካደገ በኋላ ተመልሶ ጋኔኑን በአባቱ ጐራዴ ሊጨርሰው ሲል፥ አኩ የጊዜን በር ከፍቶ ወደ ሩቅ መጪ ዘመን ወረወረው። በዚያ ዘመን አኩ የዓለም ሁሉ ገዥ ሆኖአል። እንግዲህ ብቸኛው ተዋጊ ወደ ገዛ ዘመኑ መመለሻ በር ፍለጋ አገር ላገር ይንከራተታል። ጃክ የሚለውንም ስም ያወጡለት የመንገድ ጐረምሶች ናቸው፤ እናት አባቱ ያወጡለት ስም እስከ መጨረሻው ድረስ አይነገርም።

ልብ ብሎ ለተመለከተ ሰው የመጀመሪያው ብልኀት ከመግቢያው ላይ ይገኛል። በአራቱ ምዕራፎች፥ በየክፍሉ መጀመሪያ ታሪኩን የሚናገረው ጀግናው ሳይሆን ጠላቱ ነው። አኩ በገዛ አንደበቱ፥ ያውም እየተመካ፥ ጀግናውን እንዴት ከዘመኑ ነቅሎ እንደ ጣለው ያወራል። በአገራችን ጀግና በፉከራውና በሽለላው ይታወቃል፤ የገደለውን ሳይቈጥር የሚቀመጥ ጀግና እምብዛም አይገኝም። እዚህ ግን የሚፎክረው ክፉው ነው፤ ጃክ ዝም ይላል። ለአኩ ድምፅ የሰጡት ማኮ ኢዋማትሱ በ2006 ስላረፉ፥ በ2017 ግሬግ ባልድዊን ተተክተው ሠሩ። ነገር ግን በዚያ ዓመት መግቢያውን የሚናገረው ራሱ ጃክ ነው፤ ድምፁም የደከመ ሰው ድምፅ ነው። ተመልካች አንድ ነገር እንደ ተለወጠ ገና ምንም ሳያይ በጆሮው ይገባዋል።

ስለ ዝምታው ካነሣሁ ዘንድ ስለ ሦስቱ ዕውር ቀስተኞች የሚተርከውን ክፍል ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። በበረዶ በተሸፈነች ደሴት ላይ፥ የልብን መሻት ይሰጣል የሚባል ጕድጓድ አለ፤ ጕድጓዱንም ከግንብ ጫፍ ቆመው ድምፅን ብቻ ተከትለው የሚወረውሩ ሦስት ዕውሮች ይጠብቁታል። ጃክ በመጀመሪያ ሞክሮ ተመታ፤ ለጥቂትም አመለጠ። ከዚህ በኋላ ያደረገው ነገር ጐራዴውን መሳል አይደለም፤ ዐይኑን ሸፍኖ ተቀመጠ። ሥዕሉም ጨለመ። በመጀመሪያ ምንም አይሰማም፤ ቀጥሎ ነፋስ፥ ቀጥሎ ወፍ፥ በመጨረሻም በረዶው ሲወርድ የሚያሰማውን ድምፅ እንሰማለን። አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ፥ ልጆች እንዳይሰለቹ በሚጨነቅበት ሰዓት፥ ተመልካቹን ጨለማ ውስጥ አስቀምጦ «አድምጥ» ማለቱ ትልቅ ድፍረት ነው። በሌላም ክፍል ጃክ ከጥላ ውስጥ ከሚሠወር ጠላት ጋራ ሲዋጋ፥ ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ብቻ ሆኖ አንዱ በጥቁሩ ሌላው በነጩ ውስጥ ይሰወራሉ።

ከዚህም ሌላ በገጾቹና በሰውነቶቹ ዙሪያ የተለመደው ጥቁር መሥመር የለም፤ ቀለም ከቀለም ጋራ ብቻ ተጋጥሞ ቅርጽ ይሆናል። አንዳንድ ጊዜም ሥዕሉ ለሁለትና ለሦስት ተከፍሎ፥ ባንደኛው ዐይን፥ በሁለተኛው እጅ፥ በሦስተኛው የጠላት እግር ይታያል። የጃፓናዊው የአኪራ ኩሮሳዋ ፊልሞች ተጽዕኖ ግልጽ ነው፤ የቈመ ሰው፥ የሚነፍስ ነፋስ፥ ረጅም ጥበቃ፥ አጭር ምት።

ይህን ዓይነት ተከታታይ ታሪክ የሚደርስ ሰው ሁሉ አንድ ችግር አለበት። ጀግናው ቤቱ ከደረሰ ታሪኩ አለቀ፤ ስለዚህ መድረስ የለበትም። ተመልካቹም ይህን አስቀድሞ ያውቃል። እንግዲያውስ በየሳምንቱ በሩ እንደማይከፈት እያወቀ ለምን ይቀመጣል? ጥሩ ያልሆነ ደራሲ በሩን በአጋጣሚ ይዘጋዋል፤ ድልድይ ይሰበራል፥ ካርታ ይጠፋል። ታርታኮቭስኪ ግን ከላይ በጠቀስሁት ክፍል በሩን ጀግናው ራሱ እንዲዘጋው ያደርጋሉ። ጃክ ጕድጓዱ ዘንድ ደርሶ፥ ቀስተኞቹን ያሳወራቸው ያው ጕድጓድ እንደ ሆነ ባወቀ ጊዜ፥ መሻቱን መጠየቁን ትቶ አፈራረሰው። የተመለሰበት መንገድ ሁሉ አንድ ቃል ሳይናገር ነው። ተመልካች የሚቀመጠው በሩ ይከፈት እንደ ሆነ ለማየት ሳይሆን፥ ጃክ ዛሬ ደግሞ ስለ ማን ብሎ ይተወው እንደ ሆነ ለማየት ነው።

አንድ ጊዜ ብቻ የጊዜውን በር የሚጠብቅ ኀይለኛ ሰው በጦርነት አሸነፈው። ጃክ ተሸንፎ ከሄደ በኋላ በበሩ ውስጥ፥ ጢሙ ያደገ፥ ዘውድ የደፋ፥ በዕድሜ የገፋ ጃክ ይታያል። ይህ ለተመልካቹ የተሰጠ ቃል ነበር። ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ልጄ ጥያቄ ልመጣ። ፊልሙ የተሠራው ልጆች ለሚያዩት ጣቢያ ስለ ነበር፥ ሰው ታርዶ ደም ሲፈስ ማሳየት የሚሆን ነገር አልነበረም። የጐራዴ ታሪክ ያለ መቍረጥ አይሆንም፤ ስለዚህ ጠላቶቹ ሮቦቶች ሆኑ። ብረት ይቈረጣል፥ ዘይት ይፈስሳል፥ ማንም አይከሰስም። ይህ ብልኀት የተመሠረተው ገና ከመጀመሪያው ነው፤ ጃክ ሠራዊት ከሆኑ የብረት ጢንዚዛዎች ጋራ ሲዋጋ ከራሱ እስከ እግሩ በጥቁር ዘይት ተነክሮ ይታያል። ያን ሥዕል ያየ ሰው ጥቁሩን በቀይ ቢለውጠው የእርድ ቦታ ሆኖ ያገኘዋል። የጣቢያው ሕግ የከለከለው ቀለሙን ብቻ ነበር ማለት ነው፤ ሥራው ያው ነው። እውነቱን ለመናገር፥ በልጅነቴ ያስደሰተኝም ይኸው ነበር፤ ኀዘን የሌለበት ግድያ።

ነገር ግን ደራሲዎቹ ራሳቸው ይህ ብልኀት ያስጨነቃቸው ይመስለኛል። በአራተኛው ምዕራፍ መጨረሻ አካባቢ ስለ ኤክስ-49 የሚተርክ አንድ ክፍል አለ። በእኔ ፍርድ ከስድሳ ሁለቱ ክፍሎች ሁሉ የሚበልጠው እርሱ ነው። ኤክስ-49 እንደ ብዙ ጓደኞቹ ለመግደል የተሠራ ሮቦት ነው፤ ነገር ግን ሠሪው ስሜት ስለ ጨመረበት ግድያ ሰልችቶት ሥራውን ተወ። ሉሉ የምትባል ትንሽ ውሻም አሳደገ። አኩ ውሻይቱን ወሰደበትና «ጃክን ካልገደልህ አታገኛትም» አለው። ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚተርክልን ይኸው የብረት ሰው ነው፤ ጃክ እዚህ ሩቅ ያለ፥ ዝም ያለ፥ የሚያስፈራ ጥላ ነው። ማለት፥ ሁልጊዜ በጠላቱ ቦታ የሚቈመውን አሁን ጀግናችን ቆመበት። ሁለቱ ተገናኙ፤ ጃክም ቈረጠው። የሮቦቱ የመጨረሻ ቃል ስለ ሉሉ የተናገረው አደራ ነው። ክፍሉ እዚያው ላይ ያበቃል። ሙዚቃ አይጮኽም፥ ማንም አይመክረንም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን በቀደሙት ክፍሎች የተቈራረጡት ሁሉ ውሻ ነበራቸው ወይ ብሎ መጠየቅ ግድ ይሆናል።

በ2017 የመጣው አምስተኛው ምዕራፍ ለዐዋቂዎች በሌሊት የሚታይ ስለ ነበር፥ የቀለሙ ሕግ ተነሣ። አምሳ ዓመት አልፎአል፤ ጃክ አያረጅም፤ ጐራዴው ጠፍቶበታል፤ ጢሙን አሳድጎ በሞተር ብስክሌት ይሄዳል፥ ጠብመንጃም ይይዛል። ሌላ ደራሲ ቢሆን ሕጉ በተነሣ ማግሥት ደሙን እንደ ጐርፍ ይለቀው ነበር። እዚህ ግን ደሙ አንድ ጊዜ፥ በታሪክ ቦታው ይመጣል። ጃክን እንዲገድሉ ብቻ ተወልደው ያደጉ ሰባት እኅትማማቾች ያሳድዱታል። እርሱም እንደ ልማዱ የብረት ሰዎች መስለውት፥ ከጨለማ ውስጥ ያንደኛዋን ጕሮሮ ቈረጠ። ጭምብሉ ተሰበረ፤ የሰው ፊት ሆነ፤ የፈሰሰውም ቀይ ነበር። ያን ጊዜ በፊቱ ላይ የታየው ድንጋጤ፥ ከ2001 ጀምሮ ከእርሱ ጋራ ስንደሰት የቈየን ሁላችን ድንጋጤ ነው። ቈስሎ በዋሻ ውስጥ ተኝቶ ሳለ፥ አባቱ በልጅነቱ ፊት ወንበዴዎችን ከመምታቱ በፊት እንዲመለሱ ዕድል እንደ ሰጣቸው ያስታውሳል። በበረዶው ጫካ ከቀሩት ጋራ ሲገናኝም እርሱ ደግሞ ምርጫው በእጃቸው እንደ ሆነ ይነግራቸዋል። አልሰሙትም። እነዚህ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍሎች በጠቅላላው የካርቱን ሥራ ውስጥ የሚወዳደራቸው ጥቂት ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ግን በችኰላ የተጻፈ ነው። ከእኅትማማቾቹ የተረፈችው አሺ ከጠላትነት ወደ ወዳጅነት፥ ከወዳጅነት ወደ ፍቅር በጥቂት ክፍሎች ትሮጣለች፤ ያ ሁሉ ትዕግሥት የት ሄደ? ዘውድ የደፋው ሽማግሌ ጃክም ለተመልካቹ የተገባው ቃል ሆኖ ሳለ፥ ሳይመጣ ቀረ። በመጨረሻው ክፍል የጃክ የቀድሞ ወዳጆች ሁሉ፥ የስኮትላንዱ ሰው ሴቶች ልጆች፥ ዐይናቸው የበራላቸው ቀስተኞች ሳይቀሩ፥ እርሱን ለማዳን መጥተው ይዋጋሉ። አሺ የአኩ ልጅ ስለ ሆነች ኀይሉን ወርሳ የጊዜውን በር ትከፍታለች፤ ጃክ ተመልሶ አኩን ይገድላል። በሠርጋቸው ቀን ግን አባቷ ከሥሩ ስለ ጠፋ እርሷም ትጠፋለች። ጃክ ከአበበ ዛፍ ሥር ብቻውን ተቀምጦ፥ በእጁ ላይ ያረፈችውን ትንሽ ቀይ ጢንዚዛ አይቶ ፈገግ ሲል ፊልሙ ያልቃል።

ሥዕሉ ያምራል፤ አልክድም። ጥያቄው ግን ለአሺ ብቻ ለምን እናዝናለን የሚል ነው። አኩ ካልነገሠ አሺ ያልተወለደች እንደ ሆነች፥ ለጃክ ሊሞቱለት የመጡት እነዚያ ሁሉ ወዳጆችስ በምን ዘመን ይኖራሉ? በሃምሳ ሁለት ክፍሎች በሩን ስለ እነርሱ ሲል የተወው ሰው፥ በመጨረሻ በሩን ሲያገኝ እነርሱኑ ደመሰሰ እንዴ? ምናልባት ሌላ ሕይወት፥ የተሻለም ሕይወት ያገኙ ይሆናል፤ ፊልሙ ግን ነገሩን አንሥቶ እንኳ አይመረምረውም። ኤክስ-49ን ለመጻፍ የቻለ ብዕር ይህን ማየት ያቅተዋል ብዬ አላምንም፤ ጊዜ አጥሮት ነው።

አምስተኛውን ምዕራፍ ለልጄ ገና አላሳየሁትም። የኤክስ-49ን ክፍል ግን ባለፈው ሳምንት አብረን አየነው። ሲያልቅ ብዙ ዝም አለ፤ ስለ ዘይትና ስለ ደም አልጠየቀኝም። «ውሻይቱንስ ጃክ ወሰዳት?» አለኝ። ፊልሙ አያሳይም አልሁት። እንደገና ከመጀመሪያው እንድከፍትለት ለመነኝ፤ መሽቶ ስለ ነበር ነገ አልሁት።