ጦርነቱ ሲጀመር ተራኪው የት ነበር? ስለ ዘማቾች ትዝታ አጭር አስተያየት

የዘማቾችን ትዝታ ሳነብ በቅድሚያ የምፈልገው፣ ተራኪው ጦርነቱ ሲጀመር የት እንደ ነበረ የሚናገርበትን ገጽ ነው። ለኢጣልያ ወረራ ታሪክ አንድ ቀን ሰጥቶታል። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጠላት ጦር፣ ጦርነት ሳይታወጅ፣ መረብን ተሻገረ፤ አድዋና አዲግራት በአውሮፕላን ተደበደቡ፤ በአዲስ አበባም ነጋሪት ተጎስሞ የክተት አዋጅ ተነበበ።

ትዝታ ግን አንድ ቀን የለውም። ለአድዋ ነዋሪ ጦርነቱ ከሰማይ ወረደ፤ ለአዲስ አበባ ነዋሪ በነጋሪት ድምፅ መጣ፤ ከጎጃም ከራስ እምሩ ጋር ለዘመተው ደግሞ ረጅም ጉዞ ሆኖ ጀመረ፤ ተከዜን ተሻግሮ ከጠላት ጋር ፊት ለፊት የተጋጠመው በታኅሣሥ ወር ነበርና። የታሪክ ተመራማሪ ይህን ልዩነት እንደ ስሕተት ሊያርመው ይችላል። በእኔ አስተያየት ግን ለሐያሲ ዋናው ማስረጃ እሱ ነው።

ችግሩ ያለው ሌላ ዘንድ ነው። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በሺሬ ግንባር ስለ ዘመቱበት ጦርነት የጻፉት «ትዝታ» የታተመው በ1985 ዓ.ም.፣ ማለትም ከ57 ዓመት በኋላ ነው። በዚህ ርቀት የሚጽፍ ሰው ማይጨውን፣ የመርዙን ጢስ፣ ግዞቱንና ድሉን ያውቃል፤ በዚያች ዕለት የነበረው ወጣት ግን አንዱንም አያውቅም። ሽማግሌው ዕውቀቱን ለወጣቱ ካዋሰው የመጀመሪያዋ ቀን ትንቢት ትሆናለች፤ ፍርሃቱ፣ ጉጉቱ፣ ስለ ስንቅና ስለ በቅሎ የነበረው ጭንቀት ይጠፋል።

ስለዚህ የዘማችን ትዝታ የምመዝነው በቀኑ ትክክለኛነት ብቻ አይደለም፤ ተራኪው ያን ዕለት ያላወቀውን እንዳላወቀ አድርጎ ለመተረክ ባለው ድፍረት ጭምር ነው።