የማን እንባ ነው? የቴዎድሮስ ልቦለዶችና የአንባቢው ቁስል

ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ የሚጽፍ ሁሉ ከትውፊት የሚወርሰው አንድ ትዕይንት አለ። ካሳን «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ብሎ የዛተበት ደጃዝማች ወንድይራድ ይማረካል፤ ኮሶም እንዲጠጣ ይደረጋል። እኔ እናቴ ደብረ ታቦር ጉሊት ተቀምጣ ያሳደገችኝ ነኝ። «የጉሊት ልጅ» ተብዬ ስለ ተሰደብሁ እዚህ ስደርስ ዐይኔ እንባ ያቀርራል፤ ፍርድ የተፈጸመልኝ ይመስለኛል። ባለርስት አያቶች ያሳደጉት የክፍል ጓደኛዬ ግን ተማራኪው አሳዝኖት መጽሐፉን አጠፈ። ገጹ አንድ፣ አንባቢው ሁለት።

ብርሃኑ ዘሪሁን በ1958 ዓ.ም. ላሳተመው ልቦለድ «የቴዎድሮስ እንባ»፣ አቤ ጉበኛ በ1961 ዓ.ም. ለጻፈው «አንድ ለእናቱ» የሚል ስም ሰጥተዋል። እንባና እናት፤ ሁለቱም ርእሶች በቀጥታ የአንባቢውን ቤት ያንኳኳሉ። ይህ ነውር አይደለም። ደራሲው ትዕይንቱን ያቀርባል፤ ትዝታውን የሚያመጣው አንባቢው ነው።

ችግሩ ወዲህ ነው። አንዱን ትዕይንት የሚከፍትልን ቁስል ሌላውን ይዘጋብናል። ያ የተሰደበ ልጅ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ መቅደላ ሲነሣ ደብረ ታቦርን አቃጥሎ ሄዷል። ለኮሶው ያለቀስሁ እኔ የገዛ ከተማዬን ቃጠሎ ለዓመታት በችኮላ አልፌዋለሁ።

እኛ ወንጌላውያንም የራሳችን ማለፊያ አለን። ጋፋት ስንደርስ ልባችን ከነዋልድማየርና ከነዛልሙለር ጋር ይቆማል፤ ለወንጌል መጥተው መድፍ እንዲያቀልጡ ስለ ተገደዱ እናዝናለን። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ገደል ለገደል ለጎተተው ሕዝብ ግን ስንቶቻችን አዝነናል?

ነቢዩ ናታን ይህን ዐውቆ ነበር (2ሳሙ. 12)። ለዳዊት የነገረው ስለ አንዲት የድኻ በግ ነው። ዳዊት ለአንድ ጠቦት ሲል ከአንበሳና ከድብ ጋር የታገለ እረኛ ነበርና ቁጣው ነደደ። ቁጣው የውሸት አልነበረም፤ ከእረኝነቱ የመጣ ነው። ነገር ግን እረኛው ሲቆጣ ንጉሡ ተደበቀ፤ በዳዩ ራሱ መሆኑን ጣት እስኪቀሰርበት ድረስ አላየም።

ስለዚህ እንባ እውነተኛ ምስክር ነው፤ ዳኛ ግን አይደለም። በስብከት መካከል ተረክ የምንጠቀም አገልጋዮች ምእመኑ ሲያለቅስ «ቃሉ ነካው» ብለን ለመደምደም አንቸኩል። ምናልባት የተነካው የቆየ ቁስሉ ነው። ቁስሉን በፍቅር እንጠይቅ፤ ንስሓው ግን ምናልባት ያላለቀሰበት ገጽ ላይ ይጠብቀዋል። እኔን የጠበቀኝ የደብረ ታቦር ቃጠሎ ላይ ነው። የሰደቡኝን ይቅር ያላልሁ ሰው፣ ከተሰደበው ልጅ ጋር ቤት ሳቃጥል መኖሬን ያየሁት እዚያ ነው።