ዘግይቶ የመጣ አድማጭ፦ ስለ አንድ የጦርነት ዘጋቢ ፊልም ገቢና ትረካ

የአንድ ፊልም ገቢ በራሱ የኪነ ጥበብ ሚዛን አይደለም፤ ሆኖም ተመልካቹ ምን ፍለጋ እንደ መጣ ለመጠየቅ በር ይከፍታል። ኒውዚላንዳዊው ፒተር ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ2018 ያቀረበው «ዴይ ሻል ኖት ግሮው ኦልድ»፣ ማለትም «አያረጁም»፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የተነሡትን ጥቁርና ነጭ ፊልሞች አድሶና ቀለም ሰጥቶ የሚያሳይ ዘጋቢ ፊልም ነው። በአሜሪካ በዚያው ዓመት ዲሴምበር 17 እና 27 ብቻ ታይቶ ከ5 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገኘ፤ በ2019 በሰፊው ሲታይ የዚያች አገር ገቢው ወደ 18 ሚሊዮን ገደማ ደረሰ። በብሪታንያ ግን ኖቬምበር 11 ቀን 2018 በቢቢሲ ቴሌቪዥን ስለ ተላለፈ የትኬቱ ሽያጭ ብቻውን የተመልካቹን ብዛት አያሳይም።

ተመልካቹን የሳበው ቀለሙ ብቻ ነው ማለት ያስቸግራል። ፊልሙ የተለየ ተራኪ የለውም፤ ትረካው የተሸመነው የቀድሞ ወታደሮች ጦርነቱ ካለፈ ከብዙ ዓመታት በኋላ ከሰጡት የተቀዳ ቃል ነው። ይሁን እንጂ የምንሰማው ሽማግሌና በምስሉ የምናየው ወጣት አንድ ሰው አይደሉም፤ በትረካው መካከልም የተናጋሪው ስም አይጠራም። «እኔ» የሚሉት በርካታ ድምፆች ተዋሕደው አንድ «እኛ» ይሆናሉ። ስልቱ ተራውን ወታደር ባለታሪክ ቢያደርገውም፣ የነበረበትን ቦታ፣ ጊዜና የግል ዕጣውን ይሰውርበታል።

በፊልሙ መዝጊያ ላይ ከጦር ሜዳ የተመለሱት ሰዎች ያዩትን ቢናገሩ የሚሰማቸው እንዳጡ ይገልጻሉ። ከመቶ ዓመት በኋላ ሕዝቡ ገንዘብ ከፍሎ ሊሰማቸው መጣ። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት የገቢው ዋና ትርጉም ይኸው ነው፤ ዘግይቶ የተከፈለ ዕዳ። የተከፈለው ግን ለጋራው «እኛ» ነው፤ የእያንዳንዱ «እኔ» ዕዳ ገና በተመራማሪው ጫንቃ ላይ ነው።